የልጅ አደራ፤ ስለ ሐረር የካቶሊክ ሚስዮን አዳሪ ትምህርት ቤት

«አደራ ጥብቅ፥ ሰማይ ሩቅ» የተባለው የአባቶች ቃል በዳኛ ፊትም በቤተ ዘመድ ጉባኤም ሲነገር ይሰማል። ሰው ወርቁን ወይም የርስቱን ደብዳቤ በሌላ ሰው እጅ አስቀምጦ ቢጠፋበት፥ ምስክር አቁሞ ተከራክሮ ዋጋውን ሊያስመልስ ይችላል። ልጁን አደራ የሰጠ ሰው ግን አደራው ቢበላበት የሚቀበለው ካሣ የለውም። ልጅ የሚጠፋው እንደ ወርቅ በአንድ ሌሊት አይደለምና፤ ጥቂት በጥቂት በቋንቋው፥ በጠባዩ፥ በሃይማኖቱና ለወላጆቹ ባለው ፍቅር እየራቀ ይሄድና፥ ወላጅ በነቃ ጊዜ ወደ ቤቱ የተመለሰው እንግዳ ሰው ሆኖ ይገኛል።

ስለዚህ ልጅን ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት መላክ፥ ይልቁንም የወላጆቹን ሃይማኖት በማይከተሉ መምህራን እጅ ማሳደር፥ «የተማረ ይግደለኝ» የሚለውን የትምህርት ወዳጅ እንኳ የሚያስጨንቅ ነገር ነው። ይህ ጭንቀት በሀገራችን አዲስ አይደለም። በሐረር ከተማ ከመቶ ዓመት በፊት ተነሥቶ፥ አንድ ታላቅ መኰንንና አንድ ድኻ መነኵሴ በብልሃት የፈቱት ጥያቄ ነው። የአፈታታቸውም መንገድ ዛሬ ልጅ ለሚያሳድግ ወላጅ ትምህርት የሚሰጥ ስለ ሆነ፥ ታሪኩን በዚህ ገጽ ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታየን።

አስቀድሞ ግን፥ ከቤት ርቆ መማር ከአውሮፓ የመጣ ልማድ እንዳይመስል አንድ ነገር እናስታውስ። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ በየመንደሩ ውሻ እየተከላከለ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ እየለመነ፥ ከጎጃም እስከ ጎንደር ከጎንደር እስከ ወሎ መምህር ፍለጋ ሲዞር ብዙ ዘመን ኖሯል። ይህ ልጅ ከእናቱ ጉያ ወጥቶ በመምህሩ ደጅ የሣር ጎጆ ሠርቶ የሚኖር እውነተኛ አዳሪ ተማሪ ነበረ። ይሁን እንጂ የቆሎ ተማሪ የሄደው ወደ ወላጆቹ ሃይማኖት መምህር ነው፤ ቅኔ ቢቈጥርም ዜማ ቢያዜምም የሚያድገው በአባቱ ቤት ዕውቀት ነው።

በሐረርም በግንቡ ውስጥ የሚኖሩት እስላሞች የራሳቸው የትምህርት ሥርዐት ነበራቸው። ሐረር፥ በ16ኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር ያሠሩት ግንብ አምስት በሮች እየከፈተ የሚጠብቃት፥ ሰማንያ ሁለት መስጊዶች የሚቈጠሩባት፥ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ የገባች ከተማ ናት። የሐረሪው ልጅ ቁርአን ቤት ሄዶ በእንጨት ሉሕ ላይ ፊደሉን ይጽፋል፤ ከዚያም ወደ ቤቱ ተመልሶ እንደ ደረጃ ከፍና ዝቅ ብለው በተሠሩት መደቦች ላይ ማን የት እንደሚቀመጥ በማየት ብቻ ታላቅን ማክበርና እንግዳን መቀበል ይማራል። ፊደል ከመምህሩ፥ ጠባይ ከቤቱ ይገኛል ማለት ነው። የሚስዮን አዳሪ ቤት ግን ሁለቱንም በአንድ ጣራ ሥር ሰበሰበ። ቀኑም ሌሊቱም፥ ፊደሉም ጠባዩም በመምህሩ እጅ ሆነ። የወላጆች ጭንቀት የጀመረው ከዚህ ነው።

የካቶሊክ ሚስዮን ወደ ሐረር የገባው እንዲህ ነው። የሮማ ቤተ ክርስቲያን በ1838 ዓ.ም. ጉልዬልሞ ማሳያ የተባሉትን የካፑሲን ማኅበር መነኵሴ ለኦሮሞ ሀገር ጳጳስ አድርጋ ሾመቻቸው። ከእርሳቸው በኋላ በመንበሩ የተቀመጡት ፈረንሳዊው ሞንሲኞር ቶሪን ካኻኝ፥ ከተማይቱ ገና በግብጾች እጅ ሳለች፥ በ1873 ዓ.ም. ሐረር ገቡ። ግብጾች ሐረርን ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ይዘው ከለቀቁ በኋላ በአሚር ዐብዱላሂ እጅ ጥቂት ቈይታ፥ በጥር 1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ በንጉሥ ምኒልክ እጅ ገባች፤ የሀገሩም ገዥነት ለመኰንን ወልደ ሚካኤል ተሰጠ። በዚህ ሁሉ ለውጥ ካፑሲኖች ከሐረር አልተነቀሉም።

የካፑሲን መነኵሴ ቡናማ ቀሚስ የሚለብስ፥ ወገቡን በገመድ የሚታጠቅ፥ ጢሙን የሚያሳድግ፥ ነጠላ ጫማ የሚጫማ፥ ገንዘብ እንዳይኖረው በስእለት የታሰረ ሰው ነው። የሀገራችን ሰው ምናኔን የሚያውቅና የሚያከብር ስለ ሆነ፥ በሃይማኖት ነገር ባይስማማቸውም አኗኗራቸውን አይቶ ሊንቃቸው አልቻለም። በዚሁ ማኅበር ውስጥ በ1874 ዓ.ም. ገደማ አንድ ወጣት ፈረንሳዊ መነኵሴ ወደ ሐረር መጡ። እርሳቸውም እንድርያስ ዣሮሶ ናቸው፤ በ1892 ዓ.ም. በጳጳስነት ተሾሙ፤ ከመጡበት ጊዜ ጀምሮ ከግማሽ መቶ ዓመት የሚበልጥ ዘመን በዚህ ሀገር ኖሩ።

ወደ ሚስዮኑ ቤት መጀመሪያ የገቡት ልጆች የመኳንንት ልጆች አልነበሩም። እናት አባት የሞቱባቸው፥ ረኃብ ከቀያቸው ያፈናቀላቸው፥ ከባርነት ገበያ በገንዘብ ተዋጅተው የወጡ ልጆች ነበሩ። ለእነዚህ ልጆች አዳሪ ቤት ማለት ከቤታቸው የሚለዩበት ስፍራ ሳይሆን ሌላ ቤት የሌላቸው ልጆች ቤት ነበረ። በኋላ ትምህርቱ ሲታወቅ፥ የነጋዴና የሹም ልጆችም ቋንቋ ሊማሩ ይመጡ ጀመር።

በእንዲህ ያለ ቤት ያደገ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ የአዳሪ ተማሪን ኑሮ የሚገዛው ደወል ነው። ልጁ ጎሕ ሲቀድ በደወል ይነሣል፤ ፊቱን ታጥቦ መኝታውን አንጥፎ ወደ ጸሎት ይሄዳል፤ በደወል ይበላል፤ በደወል ወደ ትምህርት ይገባል፤ ማታም በጥናት ክፍል በዝምታ ተቀምጦ ያነብና በደወል ይተኛል። በእናቱ ቤት በፈለገው ሰዓት የተነሣ፥ አሽከር ውሃ ያስታጠበው ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ያለቅሳል። በወሩ ግን ያለ ቀስቃሽ ይነሣል። ልብሱን ማጠብ፥ ክፍሉን መጥረግ፥ በአትክልቱ ስፍራ መኰትኰት የሁሉም ድርሻ ነው። ከዚህ ላይ የጌታ ልጅና የድኻ ልጅ በአንድ ገበታ ሲቀመጡ፥ ሥራ ውርደት እንዳልሆነ ያለ ስብከት ይማራሉ። ብዙ ሰው አዳሪ ቤትን የሚያመሰግነው ስለ ፈረንሳይኛው ነው፤ እኛ ግን ከፈረንሳይኛው ይልቅ ይህ የጊዜና የእጅ ሥራ ትምህርት የበለጠ ዕድሜ ያለው ይመስለናል።

የመጽሐፉ ትምህርት ግን ቀላል ነበር ማለታችን አይደለም። መምህሩ ጮኾ ያነባል፤ ተማሪው የሰማውን ይጽፋል፤ ስሕተቱ በቀይ ቀለም ይታረማል፤ የታረመውንም ደግሞ ይገለብጣል። ሒሳብ፥ የምድር አቀማመጥ፥ የነገሥታት ታሪክ ይማራል። ለክህነት የሚታጨው ላቲን ይጨምራል። በግንቡ ውስጥ ሐረሪኛ፥ በገበያው ኦሮምኛና ሶማልኛ፥ በቤተ መንግሥቱ አማርኛ፥ በመስጊዱ ዐረብኛ ይነገር ነበርና፥ የሐረር ልጅ ገና ከትምህርት ቤት ሳይገባ ጆሮው በብዙ ቋንቋ የሠለጠነ ነበረ። የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ ሲደርስ፥ ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ጸሐፊና አስተርጓሚ በጕምሩክም በቴሌግራፍም በባቡሩም ቤት ተፈላጊ ሆነ። ትምህርት እንጀራ ሆኖ ታየ።

ከዚህም በቀር በሐረር ሚስዮን አንድ ልዩ ነገር ነበረ። አባ ማሪ በርናር የተባሉ ካፑሲን በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከከተማው ዳር የሥጋ ደዌ በሽተኞች የሚኖሩበትን መጠለያ አቋቋሙ። ሰው ሁሉ የሚሸሻቸውን ድውያን ሰብስበው ካኖሩ በኋላ፥ በዚያው ስፍራ የማተሚያ መኪና ተክለው ከ1897 ዓ.ም. ጀምሮ «ለ ሰመር ዴትዮፒ»፥ ትርጓሜውም «የኢትዮጵያ ዘሪ» የተባለ በፈረንሳይኛ የተጻፈ ጋዜጣ አሳተሙ። ጋዜጣ በሀገራችን ገና እንደ ብርቅ በሚታይበት ዘመን፥ የሐረር ጋዜጣ የወጣው ሰው ደጃፉን ዘግቶ ከሚያልፈው ከድውያን መንደር መሆኑ የሚያስደንቅ ነው። ልጅ መምህሩ የሚለውን ይሰማል፤ የሚከተለው ግን መምህሩ የሚያደርገውን ነው። ድውይ ሲያጥቡ ያየ ልጅ ስለ ርኅራኄ ብዙ መጽሐፍ ማንበብ አያስፈልገውም።

ስለ ሴቶች ልጆችም መናገር ይገባናል። በዚያ ዘመን ሴትን ልጅ ማስተማር ትርፍ ነገር መስሎ የሚታየው ሰው ብዙ ነበረ። ዳዊት የደገመች የወይዘሮ ልጅ ብትገኝም፥ ያ በአባቷ ቤት በቄስ እጅ የሚሆን ነገር ነበር። የፍራንሲስካውያን ደናግል ወደ ሐረር መጥተው በሽተኛ ማስታመምና ሴቶች ልጆችን ማስተማር በያዙ ጊዜ፥ የወንዶቹ ቤት በአባቶች፥ የሴቶቹ ቤት በደናግል ይጠበቅ ጀመር። ወንድና ሴት ልጅ በአንድ ሚስዮን ቢማሩም በአንድ ክፍል አይቀመጡም ነበር። ሴቶቹ ንባብና ጽሕፈት፥ ስፌትና ጥልፍ፥ የቤት ንጽሕናና የሕፃን አያያዝ ይማሩ ነበር። ዛሬ በብዙ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ወንዱና ሴቷ በአንድ ሰሌዳ ፊት ተቀምጠው አንድ ፈተና ይፈተናሉ፤ መኝታቸው ብቻ ይለያል። ይህ ለውጥ በአንድ ቀን አልመጣም። መጀመሪያ ሴት ልጅ ከቤት ወጥታ ብትማር ክብሯ እንደማይቀነስ ለወላጅ በተግባር ማሳየት አስፈልጎ ነበርና፥ ያን ጊዜ መካከል ላይ የቆመው አጥር ለበኋላው አንድነት መንገድ ጠረገ ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ወደ ጭንቀቱ እንመለስ። ወላጆች የሚሉት እንዲህ ነበር፤ «ልጄ ፈረንሳይኛ ሲያውቅ አማርኛ ይጠፋበታል። ሮብና ዐርብን፥ ዐቢይ ጾምን እንደኛ ሥርዐት አይጾምም። የአባቶቹን ሃይማኖት ይተዋል። ሲመለስም ቤቴን ይንቃል፤ እናቱ በእጇ ስታጐርሰው ያፍራል።» ይህ ነገር የአላዋቂ ሰው ፍርሃት ነው ተብሎ የሚናቅ አይደለም። መምህራኑም ከባሕር ማዶ የመጡት ሃይማኖታቸውን ለመስበክ መሆኑን አልሸሸጉም። ወላጅ የሚፈራውን ነገር መምህሩ ተስፋ ያደርገው ነበርና፥ በሁለቱ መካከል ያለ ውል የሚቆም አደራ የሚጸና አልነበረም።

ያን ውል ያገኙት ራስ መኰንን ናቸው። ራስ መኰንን በ1881 ዓ.ም. የመልእክተኞች አለቃ ሆነው ወደ ኢጣልያ በሄዱ ጊዜ፥ የውጭ መንግሥታት ኃይል በዕውቀት ላይ የቆመ መሆኑን በዓይናቸው አይተዋል። ልጃቸው ተፈሪ ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በኤጀርሳ ጎሮ ተወለዱ። እናታቸው ወይዘሮ የሺመቤት ዓሊ ሕፃኑ ሁለት ዓመት ሳይሞላው በ1886 ዓ.ም. ዐረፉ። አባትየው ደግሞ በመንግሥት ሥራ ከሐረር ዐድዋ፥ ከዐድዋ አዲስ አበባ የሚመላለሱ ሰው ነበሩ። እንግዲህ ይህ ልጅ፥ ስሙ የመስፍን ልጅ ይሁን እንጂ፥ በሰው እጅ ማደጉ ያልቀረለት እናት የሌለው ሕፃን ነበረ።

ራስ መኰንን ልጃቸውን መጀመሪያ በሀገሩ ሥርዐት በአማርኛና በግእዝ ንባብ አስጀመሩ። ቀጥለው ፈረንሳይኛ እንዲማር ባሰቡ ጊዜ፥ በሐረር ሆስፒታል የነበሩት የጓድሎፑ ተወላጅ ዶክተር ቪታሊየን አስተማሩት። ከዚያም ሞንሲኞር ዣሮሶን መምህር እንዲሰጧቸው ጠየቁ። ከዚህ ላይ የራስ መኰንን ብልሃት ይታያል። ልጁን ወደ ሚስዮኑ ቤት በመላክ ፈንታ የሚስዮኑን ፍሬ ወደ ልጁ ቤት አመጡ። ሞንሲኞር ዣሮሶም በሚስዮኑ ተምረው ያደጉትን ኢትዮጵያዊ፥ አባ ሳሙኤል ወልደ ካህንን ሰጡ። ልጅ ተፈሪ ከዘመዳቸው ከልጅ እምሩ ጋራ አብረው አደጉ፤ ፈረንሳይኛውን ሲማሩ አማርኛው አልጠፋባቸውም፤ በካቶሊክ መምህር እጅ ሲያድጉ ከተዋሕዶ ሃይማኖታቸው አልወጡም። ሞንሲኞር ዣሮሶ በሐረር ብዙ ነፍስ ወደ ሃይማኖታቸው ለመመለስ የደከሙ ሰው ሆነው ሳሉ፥ ከሁሉ የበለጠውን ልጅ በእጃቸው አግኝተው አደራውን ጠበቁ። ለሰባኪ ሰው ይህ ትንሽ መሥዋዕት አይደለም።

ራስ መኰንን በመጋቢት 1898 ዓ.ም. በቁልቢ ዐረፉ። ልጃቸው ገና የ13 ዓመት ልጅ ነበሩ። ከጥቂት ዓመት በኋላ፥ በ1902 ዓ.ም. ደጃዝማች ተፈሪ የአባታቸውን ሀገር ሐረርን ሊገዙ ተሾመው ሲመለሱ፥ አባ ሳሙኤል አሁንም ከአጠገባቸው አልተለዩም ነበር።

በ1907 ዓ.ም. በግንቦት ወር መጨረሻ፥ ደጃዝማች ተፈሪ ከሰዎቻቸው ጋራ በሐረማያ ሐይቅ ላይ በጀልባ ሲሄዱ ጀልባይቱ ሰጠመች። ሐረማያ ከሐረር ከተማ ወደ ድሬ ዳዋ በሚወስደው መንገድ የሚገኝ፥ በኋላ ዘመን ውሃው ጎድሎ እስከ መድረቅ የደረሰ ሐይቅ ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን ሰው የሚያሰጥም ጥልቅ ውሃ ነበረ። ደጃዝማች ተፈሪ በብዙ ጭንቅ ከሞት ዳኑ። ከሞቱት መካከል አንዱ አባ ሳሙኤል ናቸው፤ የሞቱትም ተማሪያቸውን ለማዳን ሲደክሙ ነው። ራስ መኰንን አደራውን ከሰጡ ዘጠኝ ዓመት በመቃብር ዐርፈው ነበር፤ የሚጠይቅ አባት፥ የሚከስ ወገን አልነበረም። «ሰማይ ሩቅ» ማለት ይህ ነው። አደራ ተቀባዩ ግን ምስክር በሌለበት ስፍራ አደራውን በነፍሱ መለሰ።

ተማሪያቸውም መምህራቸውን አልረሱም፤ በስደት ዘመን ባስጻፉት «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፍ ስለ አባ ሳሙኤል ዕውቀትና ደግነት መስክረዋል። ሞንሲኞር ዣሮሶ ግን በስተርጅና ብርቱ መከራ አገኛቸው። የፋሺስት ኢጣልያ መንግሥት ሀገራችንን በወረረ ጊዜ ፈረንሳዊውን ጳጳስ ከመንበራቸው አስለቅቆ በኢጣልያዊ ተካቸው፤ ዕድሜያቸውን ከጨረሱበት ከሐረርም አስወጣቸው። በጥር ወር 1933 ዓ.ም. በፈረንሳይ ሀገር በቱሉዝ ከተማ ዐረፉ። በዚያው በጥር ወር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል የኢትዮጵያን ምድር ዳግመኛ ረገጡ። መምህሩ በተሰደዱበት ሲቀበሩ፥ ተማሪው ከስደት ሀገራቸው ገቡ።

የሐረሩ ውል ከዚያ በኋላም ሥራ ሠርቷል። ንጉሠ ነገሥቱ አልጋ ወራሽ ሳሉ በ1917 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን ከፍተው ነበር። ከድሉ በኋላ፥ በ1937 ዓ.ም. ገደማ፥ ለዚህ ትምህርት ቤት መምህራን የጠሩት ከካናዳ የካቶሊክ ኢየሱሳውያን ማኅበር ነው፤ የመጡትም የክህነት ልብሳቸውን ትተው እንደ ተራ መምህር ለብሰው፥ ሃይማኖታቸውን እንዳይሰብኩ ተስማምተው ነው። በዚያም አዳሪ ተማሪዎች ከየጠቅላይ ግዛቱ መጥተው አደጉ። የእነዚሁ መምህራን አለቃ አባ ሉሲየን ማት በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲመሠረት ፕሬዚዳንት ሆኑ። አባት በሐረር ለአንድ ልጅ ያደረጉትን ልጅየው ለብዙ ልጆች አደረጉት ማለት ነው፤ ዕውቀቱን ተቀበሉ፥ ድንበሩንም አስቀድመው አመለከቱ።

ከዚህ ታሪክ ልጁን ወይም ልጂቱን ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ለመላክ የሚያስብ ወላጅ ሦስት ነገር ሊያገኝ ይችላል።

አንደኛው፥ ከግንቡና ከመጻሕፍቱ አስቀድሞ የመምህሩን ኑሮ መመርመር ነው። ሰው ከባሕር ማዶ ስለ መጣ ዐዋቂ፥ የሃይማኖት ልብስ ስለ ለበሰም ታማኝ አይሆንም። ድኻን እንዴት እንደሚያይ፥ በተቈጣ ጊዜ ምን እንደሚያደርግ፥ ከእርሱ ዘንድ ያደጉት ልጆች ምን ዓይነት ሰዎች እንደ ሆኑ መጠየቅ ይገባል። የሐረር ሰው ሚስዮኑን የመዘነው በአባ ሳሙኤል ነው።

ሁለተኛው፥ ውሉን ልጁ ሳይገባ መነጋገር ነው። ስለ ጾም፥ ስለ ጸሎት፥ ስለ ቋንቋ ያለውን አሳብ ወላጅ አፍሮ በሆዱ ይዞ ቈይቶ፥ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ቢቈጣ ጥፋቱ የሁለቱም ይሆናል። ጥሩ መምህር ድንበር ሲመለከትለት ይደሰታል እንጂ አይቀየምም።

ሦስተኛው፥ ልጅን በትምህርት ቤት አስገብቶ ቤትን አለመዝጋት ነው። ራስ መኰንን ለልጃቸው መምህር ከመፈለጋቸው በፊት የሀገሩን ፊደል አስቈጥረውት ነበር። የራሱን ቋንቋ ይዞ የገባ ልጅ በሌላው ላይ ይጨምራል፤ ባዶውን የገባ ግን በተሰጠው ብቻ ይሞላል። ስለዚህ በየሳምንቱ በአማርኛ ደብዳቤ ይጻፍለት፤ በበዓል ቀን ከእናቱ ገበታ ይቅረብ፤ በለቅሶና በሠርግ ቀን ከዘመዶቹ መካከል ይቁም። ይህ ለወንዱ እንደሚያስፈልግ ለሴቷም እንደዚሁ ያስፈልጋል።

ልጁን ከደጁ የማያስወጣ አባት አደራ ከመብላት ይድን ይሆናል፤ ልጁ ግን ከአባቱ አጥር የማያልፍ ሆኖ ይቀራል። ልጁን ሳይጠይቅ ለማንም የሚሰጥ አባት ደግሞ ልጁ ቢጠፋበት የሚከሰው ሰው አያገኝም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ጠባብ ነው፤ ነገር ግን በሐረር ሰዎች ሄደውበት አልፈዋል። እግዚአብሔር ልጆቻችንን አደራ ለሚያውቅ መምህር ይስጥልን፤ መምህራኑንም አደራቸውን የማይረሳ ወላጅና ተማሪ ያድርግላቸው።